ብስክሌት ማለት ምን ማለት ነው? (ስለ አንድ ቴላዮ ክርክር)

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡና አስፈሉና አንብቡት፣ የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ስለ ብስክሌት ነው። "አንተ የላስታ ሰው ከብስክሌት ጋር ምን አገናኘህ?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ላሊበላ ብስክሌት የሚያምርባት ከተማ አይደለችም። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ነፍሳችሁ ፍሬን ላይ ናት፣ ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ ብስክሌቱን እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት። ብስክሌት ከተባለ ባሕር ዳር ነው፣ ወይም ወደ ቆላው ወረድ ብሎ የቆቦ ሜዳ። ግን ታሪኩን ስታዩት እኛንም ይነካናል፤ እንዴት እንደሚነካን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በሜልቦርን ነው፣ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956)። ሁላችንም ስለ ኦሎምፒክ ስናወራ ከሮም እንጀምራለን፣ ከአበበ ቢቂላ። ከሮም አራት ዓመት በፊት ግን 12 ኢትዮጵያውያን አውስትራሊያ ሄደው ነበር። ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ አራቱ ብስክሌተኞች ናቸው፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታ እና ኃይሉ ፋና። ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ወደ 188 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የጎዳና ውድድር ገረመው 24ኛ ሆኖ ገባ። በቡድን ኢትዮጵያ 9ኛ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ አገር፣ ያውም ከአውሮፓ ብስክሌተኞች ጋር፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍል ውስጥ ይሄን ስነግራቸው ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እውነት ነው?" ይሉኛል። እውነት ነው።

ብስክሌቱ ከየት መጣ ብትሉ ታሪኩ ወደ አስመራ ይወስደናል። ጣሊያኖች እዚያ የብስክሌት ውድድር የጀመሩት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ለራሳቸው ብቻ። ሕጉ የሚመለከተው ማሽኑን ሳይሆን የሚነዳውን ሰው ቆዳ ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ ኤርትራውያንና ጣሊያኖች አብረው እንዲወዳደሩ ተፈቀደ፣ "አቅማቸውን እንይ" በሚል። ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ አሸነፈ። የእኛ የብስክሌት ቋንቋ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቴላዮ። ቴላዮ ማለት ዛሬ ልጆቹ "ፍሬም" የሚሉት ነው፣ ጎማውም መሪውም መቀመጫውም የሚታሰርበት የብረት አጥንት። የዛሬው ነገሬ በሙሉ በዚህ አጥንት ላይ ነው።

ወደ ሜልቦርን ልመለስ። ያን ቀን ያሸነፈው ኤርኮሌ ባልዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ገረመውና ጓደኞቹ የተወዳደሩት ከዋዛ ሰው ጋር አልነበረም፤ ባልዲኒ ከኦሎምፒኩ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ሚላን ላይ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር የመጣው፣ 46.394 ኪሎ ሜትር። የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ክብ ሜዳ፣ 60 ደቂቃ። ምን ያህል ሄድክ? በቃ። ተፎካካሪ የለም፣ ታክቲክ የለም። ንጹሕ የሰው ጉልበት መለኪያ ይመስላል አይደል? ሰዎች ግን ለ100 ዓመት ያህል ሲጣሉበት ኖረዋል። የተጣሉትም "ብስክሌት ማለት ምን ማለት ነው?" በሚል አንድ ጥያቄ ነው።

ጠቡ የተቀሰቀሰው በፈረንሳይ ነው። ሻርል ሞሼ የሚባል ሠሪ ነጂው ቁጭ ሳይሆን ጋደም ብሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳው ብስክሌት ሠራ። ሁለት ጎማ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ካቴና አለው። ቴላዮው ግን ሌላ ነው። ሞሼ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ወደ ውድድር ሳይገባ በ1932 ለዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ጽፎ ጠየቀ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ የሚከለክለው ነፋስ ለመክፈል ተብሎ የሚለጠፍ መሸፈኛን ነበር፤ የሞሼ ብስክሌት ደግሞ ምንም አልተለጠፈበትም። ስለዚህ የሚከለክለው ነገር የለም ተባለ።

ሰኔ 30 ቀን 1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1933) ፍራንሲስ ፎር የሚባል፣ ከአንደኛዎቹ ተርታ የማይመደብ ብስክሌተኛ፣ በዚያ ብስክሌት ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 44.247 ነበር፤ ከ1914 ጀምሮ ማንም ሳይነካው ለ19 ዓመት የቆየ። ሁለተኛ ደረጃ ነጂ የአንደኞቹን ቁጥር ሰበረ! እንግዲህ ጩኸቱን አስቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ተሰብስቦ ብስክሌትን በሴንቲ ሜትር ተረጎመው። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መሃል ከመሬት ከ24 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የመቀመጫው ጫፍ ከዚያ መሃል ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ አይራቅ ወዘተ። በዚህ መስፈሪያ የሞሼ ሥራ ብስክሌት መሆኑ ቀረ። የፎር ቁጥርም ከዋናው መዝገብ ወጥቶ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሞሼ በዚያው ዓመት ሞተ።

ቁጥሩን እዩልኝ። "ትክክለኛ" በተባለው ብስክሌት 45.055ን ለማለፍ እስከ 1935 መጠበቅ ግድ ሆነ። ፎር ደግሞ በ1939 በተሸፈነ ጋደም ማያ ብስክሌት 50 ኪሎ ሜትርን አለፈ። በተፈቀደው ዓይነት ብስክሌት 50 ኪሎ ሜትር የታለፈው በ1984 ነው፣ ፍራንቸስኮ ሞዘር ሜክሲኮ ላይ። 45 ዓመት! አንድ የስብሰባ ውሳኔ አንድን የሥራ ዘርፍ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊያዘገየው ይችላል ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሊቃውንት ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። በአንድምታ ትርጓሜ አንድ ቃል ተይዞ "አንድም" እየተባለ ይተረጎማል። ብስክሌት ማለት፣ አንድም በሁለት ጎማ በሰው ጉልበት ብቻ የሚሄድ ነገር ነው። አንድም ሕፃን ልጅ "ብስክሌት ሳልልኝ" ስትሉት የሚስለው ያ ቅርጽ ነው። በመጀመሪያው አንድም ሞሼ ገባ፣ በሁለተኛው ወጣ። የሊቃውንቱ ጥቅም ምንድን ነው? ሁለቱንም አንድም በግልጽ ያስቀምጡልሃል፣ የቱ ከየት እንደመጣ ትሰማለህ። ማኅበሩ ያደረገው ግን በመጀመሪያው አንድም ፈቅዶ፣ ሰውየው ካሸነፈ በኋላ በሁለተኛው መፍረድ ነው። ቅርጹን መጠበቅ ሊያስኬድ ይችላል፤ እኔን የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው።

60 ዓመት ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ፣ አሁን በስኮትላንዱ ግሬም ኦብሪ ላይ። ይሄን ሰው ተማሪዎቼ በጣም ይወዱታል። ዕዳ የወጠረው፣ ሱቁ የከሰረበት ሰው ነው። ቴላዮውን ራሱ ሠራ። ፔዳሎቹ ተጠጋግተው እንዲዞሩ ስለፈለገ ለኩሽኔታው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈታ። ጉልበቱ እንዳይጋጭ የላይኛውን ቱቦ ጨርሶ አወጣው። እጁን ደረቱ ሥር አጥፎ እንደ ወፍ ተኮራምቶ ነው የሚነዳው። እኛ ሰፈር ልጆች ከአሮጌ መኪና ኩሽኔታ ለምነው የእንጨት ጋሪ ይሠሩ የለ? በቃ እሱን ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በዓለም መድረክ ላይ።

በጁላይ 1993 ኖርዌይ ሄደ። መጀመሪያ የሞከረው ባለሙያ በሠራለት ቅጂ ነበር፤ ሳይሳካ ቀረ። በማግስቱ በዚያች ራሱ በሠራት ተነሥቶ 51.596 ኪሎ ሜትር ሄደና የሞዘርን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከስድስት ቀን በኋላ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን ወሰደበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ኦብሪ በ52.713 መልሶ አመጣው። ከዚያ በ1994 ጣሊያን ውስጥ ፓሌርሞ ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ሲቀርብ፣ አቀማመጡ መከልከሉን የሰማው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። አልቀየርም አለ፤ ተሰረዘ። ኦብሪ ግን እልኸኛ ነው፤ እጁን እንደ ሱፐርማን ወደ ፊት የሚዘረጋበት ሌላ አቀማመጥ ፈልጎ በ1995 ቦጎታ ላይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 ቦርድማን ያንኑ አቀማመጥ ተጠቅሞ 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። እሱም ተከለከለ።

ለማኅበሩም ፍትሐዊ እንሁን። ሰዎቹ ምቀኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በ1990 የቴላዮውን ሕግ ላላ አድርገውት ነበር፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ቦርድማን ሎተስ የተባለው የመኪና ኩባንያ ባወጣለት፣ ቱቦ የሌለው፣ ከካርቦን ተቀርጾ የወጣ ብስክሌት ወርቅ አገኘ። ታዲያ ያን ዓይነቱን የሚሠራ ፋብሪካ ያለው አገር ስንት ነው? የእኛ ልጆች እሱን ከየት ያመጡት ነበር? በ1996 ሉጋኖ ላይ የወጣው የማኅበሩ ቻርተር የሚለውም ይሄንኑ ነው፤ ውድድሩ የሰው እንጂ የማሽን አይሁን፣ ሀብታሙ በቴክኖሎጂ ድሃውን አይጣለው። ይሄን ሳነብ ራሴን ነቀነቅሁ። ለእኛ ቢጤው የተጻፈ ይመስላል።

ቀጥሎ የመጣውን ስታዩ ግን ግራ ይገባችኋል። በ2000 ማኅበሩ "ወደ ኤዲ መርክስ እንመለስ" አለ። ከመርክስ በኋላ በአዳዲስ ብስክሌቶች የተመዘገበው ሁሉ ወደ ሌላ ዝርዝር ተዛወረና የ1972ቱ 49.431 ኪሎ ሜትር እንደገና ዋና ክብረ ወሰን ሆነ። ክብ ቱቦ፣ ተራ መሪ፣ ተራ ጎማ። በዚያው ዓመት ቦርድማን በአሮጌው ዓይነት ብስክሌት ወጥቶ 49.441 ሄደ። ልዩነቱ 10 ሜትር! በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ሜትር። በአዲሱ ብስክሌት 56፣ በአሮጌው 49፤ ያው ሰው ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው የቦርድማን ጉልበት?

ደግሞ መርክስ "ተራ" ብስክሌት ነበር የነዳው መባሉ ትንሽ ያስቃል። ቅለት ለማግኘት ካቴናው ሳይቀር በመሰርሰሪያ ተበስቶ፣ ብስክሌቱ 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2000 የጸናው ሕግ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ያዛል። እንግዲህ ምሳሌ የተደረገው ብስክሌት ራሱ ሚዛን ላይ ቢወጣ ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለምንድን ነው? ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሚገፋ ነፋስ ያንሳል። ያቺው ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈባት ከተማ ናት (ማሞም የሜልቦርኑ ቡድን አባል ነበር)። መቀመጫውን በሴንቲ ሜትር የሚለካው ሕግ ከፍታውን አይለካም። አንድ ሠሪ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቆርጥ "ማጭበርበር" ነው፣ አንድ ሻምፒዮን በአውሮፕላን ሁለት ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ "ዝግጅት" ነው። በዚህ ሒሳብ ላሊበላ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ አንድ ለጥ ያለ ሜዳ የሚያበጅልን ቢገኝ ሀብታም እንሆን ነበር!

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት የፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩ። ከዘርፎቹ አንዱ "ያገለገለ ብስክሌት ማሻሻል" ነው። መስፈርቱ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው፦ "ተወዳዳሪው ብስክሌቱን ለአካባቢው ጥቅም እንዲሰጥ አድርጎ ያሻሽላል፤ የብስክሌቱ ዋና አካል መለወጥ የለበትም።" አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አሮጌ የቻይና ብስክሌት ይዞ መጣ። የቴላዮውን የኋላ ክፍል ብየዳ ቤት ወስዶ አስቆርጦ፣ ሁለት ስንዝር ያህል አስረዝሞታል። በሁለቱም ጎን ጄሪካን የሚቀመጥበት የብረት ቅርጫት አለው። ክብደቱ ወደ ኋላ ተስቦ ዝቅ ስላለ ዳገት ላይ ሲገፉት አይገለበጥም። እናቱ ውኃ የምታመጣበትን መንገድ አይቶ ነው የሠራው፤ መግለጫው ላይም እንደዚያ ብሎ ጽፎታል።

አንዱ ዳኛ "ተቆርጧል፣ ተበይዷል፣ ዋና አካሉ ተለውጧል፣ አለቀ" አሉ። እኔ ደግሞ ዋና አካል የሚባለው ከመሪው እስከ መቀመጫው ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፣ እሱ አልተነካም፣ የኋላውስ የጎማ ማሰሪያ ነው አልኩ። ደግሞም ሕጉ ራሱ "አሻሽል" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ምንም ሳይነካ የሚሻሻል ነገር የለም። ቀለም መቀባት ነው እንዴ ማሻሻል? ቀለም የቀባ ልጅም ነበር፤ ችግር አልገጠመውም። ሦስተኛዋ ዳኛ ጥሩ ነገር አነሡ፦ "ብየዳው ቁልቁለት ላይ ቢለቅስ? ልጁ ቢሞትስ?" ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ በላስታ ቁልቁለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግን ይሄ የደኅንነት ጥያቄ ነው፣ መልሱም በመሞከር ነው የሚገኘው። ሁለት ጄሪካን ሞልተህ ጫንበት፣ ከድንጋይ ላይ አውርደው፣ ብየዳውን እይ። "ዋና አካል" የሚለውን ቃል በመተርጎም ብየዳ አይመረመርም። ድምፅ ተሰጠ፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ፣ ልጁ ከውድድር ወጣ።

ያናደደኝ መሸነፌ አይደለም። ልጁ መስፈርቱን ሲወስድ "የኋላውን ባስረዝመው ይፈቀዳል?" ብሎ አንድ መምህር ጠይቆ "ሥራ፣ ችግር የለውም" ተብሎ ነበር። ሞሼም እንደዚያው ነው የተባለው።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ስለ መቁረጥ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ አለት ፈልፍለው ያወጡት ሰዎች የቆረጡትን መልሰው መለጠፍ አይችሉም ነበር፤ እያንዳንዷ ምት ከመመታቷ በፊት የት ላይ እንደምትቆም መታወቅ ነበረባት። ብረት ይቅር ባይ ነው፣ ተቆርጦ ይበየዳል። የልጅ ልብ ግን ወደ አለቱ ያደላል።

ስለ ዛሬው ዓለም አቀፍ ሕግ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ኮሜንት ላይ የሚያነሳው አይጠፋም። አሁን በማኅበሩ ሕግ መሠረት ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ማንም ሰው ገዝቶ ሊጠቀምበት የሚችል፣ ለገበያ የቀረበ መሆን አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሀብታም ቡድኖች በድብቅ የተሠራ ማሽን ይዘው እንዳይመጡ ነው። ግን "ማንም ሊገዛው የሚችል" ሲባል ማንም ማለት ማን ነው? ዋጋው የእኔን የብዙ ዓመት ደመወዝ የሚበላ ብስክሌት "ለገበያ ቀርቧል" ተብሎ ያልፋል፤ በብየዳ ቤት የተሠራው የኦብሪ ዓይነቱ ደግሞ በር ላይ ይቀራል። ድሃውን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ድሃውን ሠሪ የሚያስወጣበት መንገድ ይሄ ነው። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሲሆን የነዳው የቡድኑን ብስክሌት ነው። ነጂ በቡድን ይታቀፋል። ሠሪን ማን ያቅፈዋል?

የአንድ ሰዓቱ ነገር የት ደረሰ ካላችሁ፣ ማኅበሩ በ2014 ሐሳቡን እንደገና ቀየረ፤ በክብ ሜዳ ውድድር ላይ የሚፈቀድ ብስክሌት ሁሉ ለክብረ ወሰኑም ይፈቀድ ተባለ። በመስከረም ወር የንስ ፎክት የሚባል ጀርመናዊ 51.110 ኪሎ ሜትር ሄዶ አዲሱን ዘመን ከፈተ። ኦብሪ ከ21 ዓመት በፊት በልብስ ማጠቢያ ኩሽኔታ ከሄደው 486 ሜትር ያነሰ ነው።

የዘንድሮው የፈጠራ ሥራ ውድድር በግንቦት ነው። መስፈርቱ ከመለጠፉ በፊት የብስክሌቱን ዘርፍ በተመለከተ ይሄን ረቂቅ አስገብቻለሁ፣ እናንተም እዩልኝና ሐሳብ ስጡበት፦

"ብስክሌት ማለት በሰው ጉልበት ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ፔዳልና ቢያንስ ሁለት ጎማ ያለው ነው። ቴላዮውን መቁረጥ፣ ማስረዘምና መበየድ ይፈቀዳል። የተበየደ ቴላዮ ሁሉ 50 ኪሎ ተጭኖበት በዳኞች ፊት ይሞከራል፤ ከተሰነጠቀ ይወጣል። ተወዳዳሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጥያቄ ካለው በጽሑፍ ይጠይቃል፣ መልሱም በጽሑፍ ተፈርሞ ይሰጠዋል፣ ዳኞችም በመልሱ ይገደዳሉ።"

50 ኪሎ ያልኩት ሁለት ሙሉ ጄሪካን አስቤ ነው። የብየዳ ሙያ ያላችሁ፣ ክብደቱ ያንሳል ወይም ይበዛል የምትሉ ካላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ጻፉልኝ።